ያልተለካ ብርድ

ሬሳው በደረቱ ተደፍቶ፣ ፊቱን በተሰባበረ ብረትና በሽቦ ትብትብ ውስጥ ቀብሮ ነበር የተገኘው። የአጥንት መጥረቢያው ከማጅራቱ ገብቶ እስከ ትከሻው ወርዷል። ገዳዩ በዚህ አልረካም፤ መጥረቢያውን ነቅሎ፣ ሬሳውን ተሻግሮ፣ በግድግዳው ሥር የተደረደሩትን አራት የኮምፒዩተር ሣጥኖች በዚያው ስለት አንድ በአንድ ፈልጧቸዋል። ደሙ በሣጥኖቹ ሆድ ውስጥ ረግቶ ነበር። ለቄራ ሠራተኛ ደም ብርቅ አይደለም፤ ሆኖም በዚያ ቀን ወደ ማሽኑ ክፍል ብቅ ያለ አራጅ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ተመልሷል።

ሟቹ የቄራው ሥራ አስኪያጅ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋቸዋለች። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ጌጥ የማታደርግ፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ሐሰትን የምትጠየፈው ሰው በቤቱ የገባን ጭቃ በሚጠየፍበት አኳኋን ነበር፤ ትንሹም ትልቁም አንድ ነው፣ መጠረግ አለበት።

«ገዳዩ ተይዟል» አላት ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ። ለጡረታው ሁለት ወር የቀረው፣ ሆዱ ከቀበቶው ያለፈ ሰው ነው። «ተይዟል ከማለት ተቀጥቅጧል ማለት ይሻላል። አራጆቹ ናቸው የያዙት። መንጋጋው ተሰብሯል፤ አንድ ዓይኑ የለም ብትዪ ይቀላል። ከእጃቸው ነጥቀን በሕክምና ክፍሉ ቆልፈንበታል። አምቡላንስ መጥቷል፣ ግን የግቢውን በር ይዘው አላስገባ ብለዋል።»

ከውጭ የስድሳ ሰው ድምፅ እንደ ወራጅ ድንጋይ ይንጓጓ ነበር። «አውጡልን! አውጡልን!»

«ምን አደረገ ብለው?»

«ሽቦ ይሉታል። እነዚህን ሣጥኖች ዐሥራ አራት ዓመት የጠበቀ ባለሙያ ነው። ሟቹ ግን ‹ማሽን ማስቀመጥና መጠገን ሰልችቶናል› ብሎ የቄራውን መዝገብ በሩቅ አገር ያለ ድርጅት በሚያከራየው ሶፍትዌር ላይ አዋለው። ከዓመት ወዲህ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ሆኗል፤ ይህ ክፍልም ሊዘጋ ነበር። ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሽቦ ‹ይህን ክፍል የምትዘጋው በደምህ ነው!› ሲለው ሃያ ሰው ሰምቷል።»

«ሃያ ሰው የሰማው ዛቻ ነው። ግድያውን ስንት ሰው አየ?»

ሃምሳ አለቃው ጢሙን ነካ ነካ አደረገ። «ማንም።»

«እንግዲያው ገና ማንም አልተያዘም» አለችና ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። መጥረቢያው የቄራው ነው፤ ከኮሪደሩ ግድግዳ የተነሣበት ችንካር ባዶውን ቀርቷል። ሣጥኖቹን ትኩር ብላ አየች። የፈለጣቸው ሰው እንዳገኘ አልመታም፤ የሣጥኖቹን ክዳን ገንጥሎ፣ መዝገብ የሚቀመጥባቸውን የዲስክ ክፍሎች ለይቶ አድቅቋቸዋል።

ሬሳውን አምስት ሰዓት ላይ ያገኙት የቄራው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ሟቹን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያዩትም እሳቸው ናቸው። በመካከል ባለው ሰዓት ሐኪሙ ከዐሥር አራጆች ጋር ቆመው ጉበት ሲመረምሩ ቆይተዋል። እስከ ክርናቸው ደም የነካቸውን እጆች ገና አልታጠቡም።

«ዶክተር፣ ሟቹን ማን ይጠላው ነበር?»

«እኔ» አሉ ሽማግሌው ሳያመነቱ። «ከሁለት ዓመት በፊት ከዚህ የወጣ ሥጋ ዐሥራ አንድ የአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መረዘ። ሁለቱ ሞቱ። ሥጋው ብርድ ቤት ውስጥ ተበላሽቷል፣ ሸትቶኝ ነበር ብዬ ጮኽኩ። መዝገቡ ሲገለጥ ሦስቱም ብርድ ቤቶች አንዲት ዲግሪ አላጓደሉም። መዝገብ ሲናገር አፍንጫ ምን ዋጋ አለው? አርጅተዋል፣ አፍንጫዎ ደንዝዟል አሉኝ። ፊት ሆኖ የሳቀብኝ እሱ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ጧት ቢሮው ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ‹ዶክተር፣ አፍንጫዎ ልክ ነበር› አለ። ሌላ አልነገረኝም። እንባ ግን በዓይኑ ሞልቶ ነበር።»

መርማሪዋ ቃላቸውን ጻፈች። «በተከራያችሁት ሶፍትዌር እርስዎም ይጠቀማሉ?»

«ተራዬ ሲደርስ!» ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ለሦስታችን የተከራዩልን መግቢያ አንድ ብቻ ነው፤ ለእኔ፣ ለሚዛን ጠባቂዋና ለብርድ ቤቱ አለቃ። አንዱ ሲገባ ሌላው ተወርውሮ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ውሻ ስንባረር ከረምን። በኋላ ደንብ አወጣን። ሥራውን የጨረሰ ሰው ከጣሪያው ሥር የሚያልፈውን፣ ሥጋ የሚሰቀልበትን ሐዲድ በሞረድ ሁለቴ ይመታል። ድምፁ ቄራውን በሙሉ ያዳርሳል፤ ‹ወጥቻለሁ፣ ግባ› ማለት ነው።»

«ውሉ ይህን ይፈቅዳል?»

«የት ይፈቅዳል! ግን ሰው ሲሰርቅ ሌባ ይባላል፤ መሥሪያ ቤት ሲሰርቅ ቆጣቢ ነው።»

«ዛሬ ከአራት እስከ አምስት ሐዲዱ ተመታ?»

«ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ ነበርኮ። የዐሥራ ሁለት ጉበት ውጤት በወረቀት ይዤ ቀረሁ። አንዴም አልተመታም።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያንን ልጅ፣ ሽቦን፣ አድኚው» አሏት። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ እነዚህ ደመ ፍሉዎች ያጠፋውን ሳይለዩ ነው የወረዱበት።»

የብርድ ቤቱ አለቃ የሟቹ ሚስት ወንድም ነበር። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ አርባ ዓመት የሆነው ሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ያለቅሳል። ወፍራሙ ነጭ የብርድ ኮቱ ንጹሕ ነበር። በደረቱና በእጅጌው ላይ የታጠፈበት መሥመር ገና አልጠፋም።

«እህቴን መበለት አደረጋት፣ እመቤቴ! ልጆቹን ምን እላቸዋለሁ?»

«ከአራት እስከ አምስት የት ነበሩ?»

«ስክሪኔ ፊት። የት እሄዳለሁ? በየሩብ ሰዓቱ የሦስቱን ብርድ ቤት ዲግሪ አያለሁ፣ አስገባለሁ። ከሥራዬ ንቅንቅ አላልኩም። አከራዩን ድርጅት ይጠይቁ፤ ኮምፒዩተር አይዋሽም።»

«ኮምፒዩተር የነገሩትን ይጽፋል። ሌላ ያዩት ነገር አለ?»

«ምን አያለሁ? ያ አውሬ ሰው ብቻ መች ገደለ! የዐሥራ አራት ዓመት መዝገባችንን በመጥረቢያ አደቀቀው። ከእንግዲህ ያለፈውን ነገር ማን አንሥቶ ማን ይመሰክራል?»

መርማሪዋ እርሳሷን አቆመች፤ ቀና ብላም አየችው። «ኮትዎ አዲስ ነው?»

«ንጽሕና እወዳለሁ» አለ እንባውን እየጠረገ።

ሚዛን ጠባቂዋ ግን አላለቀሰችም። ከሠላሳ ብዙ ያላለፈች፣ ፊቷ የጠቆረ ሴት ናት፤ የሽቦ ታናሽ እህት። ከውጭ የሚወረወረው ድንጋይ የቆርቆሮውን ጣሪያ በመታ ቁጥር ቀና ትላለች።

«ወንድምሽ ገድሎታል?»

«ጋሼ ቁጡ ነው።»

«ቁጡ ነው ወይ አላልኩሽም።»

«ምን ልበልዎት? ‹ክፍሌን ከሚዘጋው ነፍሴን ቢወስዳት ይሻለኛል› ብሎኛል። ያን ክፍል ከሚስቱ አብልጦ ሲወድ ኖሯል፤ ሚስቱም ለዚሁ ነው የሄደችው። እኔ... እኔ ሲይዙት ቆሜ አየሁ። አልጮኽኩም።»

«ከአራት እስከ አምስት?»

«ሚዛን ላይ። አርባ አንድ በሬ መዘንኩ፤ እያንዳንዱን እዚያው አስገባሁ።»

«በመካከል አንዴም አልተወረወርሽም?»

ሴትዮዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «አንዴም» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ የቀረ ያህል ዝግ ብሎ።

በሕክምና ክፍሉ ሽቦ በጠባቡ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ከተሰበረው መንጋጋው ደም የተቀላቀለ ምራቅ ይወርዳል፤ ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ አንዳች ነገር ይንኳኳል። መርማሪዋ አጠገቡ ስትቀመጥ የመስኮቱ መስታወት በድንጋይ ተሰብሮ በአልጋው ላይ ተበተነ። «ዛሬ በቢላችን ነው የምትበለተው!» የሚል ድምፅ ተከትሎ ገባ። ከብርድ ልብሱ ላይ ስባሪውን በእጇ እያነሣች ወረቀትና እርሳስ ሰጠችው።

«የተፈለጡት ሣጥኖች ውስጥ ምን ነበር?»

ተጋድሞ እንዳለ ጻፈ፤ «ምንም። ባዶ ናቸው። አሮጌውን መዝገብ ከሦስት ሳምንት በፊት እኔው ወደ ኪራዩ ሶፍትዌር አሻገርኩት። በየቀኑ ያነሣሁትን ግልባጭም ጭምር።»

«የየቀኑ ግልባጭ?»

«ዐሥራ አራት ዓመት በየቀኑ ቅጂ አስቀምጫለሁ። ማንም አላዘዘኝም። በኋላ መዝገቡን የነካ ቢኖር ቅጂው ይለያል። ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት።»

«ሣጥኖቹ ባዶ መሆናቸውን ማን ያውቃል?»

«እኔ። እሱ። በአዲሱ ሥርዓት የሚሠራ ሁሉ፤ አሮጌውን መዝገብ ስክሪኑ ላይ ያየዋል።»

«ከአራት እስከ አምስት የት ነበርክ?»

ወረቀቱን ገልብጦ ጻፈ፤ «ጄኔሬተር ቤት። ሳለቅስ።»

አብረዋት የገቡት የእንስሳት ሐኪም የልብ ትርታውን አዳምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎድኑ ሳንባውን ወግቶታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ካልደረሰ፣ ፍርዱን ለሬሳ ታነቢለታለሽ።»

መርማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለአከራዩ ድርጅት ደወለች። ከብዙ ማስተላለፍ በኋላ አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ሴት መዝገቡን አነበበችላት፤ ሰዓቱንም በቄራው አቆጣጠር አስልታ ነገረቻት። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ስልኩን ዘግታም ሃምሳ አለቃውን ጠራች።

«የብርድ ቤቱን ቁልፍ ከአለቃው ተቀበል። ከግቢው ዛሬ አንድም ዕቃ አልወጣም። የተንጠለጠለውን ሥጋ ፈትሽ፤ የጎድን አጥንቱን ከፍተህ ውስጡን ሳይቀር።»

«ሠላሳ ዓመት አገልግዬ መጨረሻዬ የበሬ ሆድ መዳበስ ሆነ?»

«ኮት ስታገኝ ተመለስ።»

የግቢው በር በዚያ ሰዓት ከማጠፊያው ተገንጥሎ ወደቀ። ሕዝቡ ሲጎርፍ መርማሪዋ መሣሪያ ሳትመዝዝ በሕክምና ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ፊት ለፊት የመጣው የአራጆቹ አለቃ ነበር፤ አንገቱ እንደ ኮርማ የወፈረ፣ ቢላውን በቀበቶው የሻጠ ሰው።

«ዞር በይ፣ እናቴ። ከአንቺ ጋር ጠብ የለንም።»

«ገዳዩን ነው የምትፈልጉት ወይስ ሰው?»

«ገዳዩንማ።»

«እንግዲያው አምስት ሰው ምረጥና ወደ ሚዛን ቤት ግቡ። ሩብ ሰዓት ስጡኝ። ተሳስቼ ብገኝ ከዚህ በር ላይ እኔው ዞር እላለሁ።»

ሰውየው አመነታ። ደም ያሰከረው ሰው ጥያቄ ሲቀርብለት እንደሚሆነው ሁሉ፣ ዓይኑን ከአንዱ ጓደኛው ወደ ሌላው አንከራተተ። «ሩብ ሰዓት» አለ በመጨረሻ።

በሚዛን ቤቱ የተላጡ በሬዎች በሐዲዱ ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው። በእነሱ መካከል ሐኪሙ፣ ሚዛን ጠባቂዋ፣ የብርድ ቤቱ አለቃ፣ አምስቱ አራጆች ቆሙ። መርማሪዋ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ሆና በጸጥታ ጀመረች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ገዳዩ ሰውየውን ከገደለ በኋላ ስለ ምን ሣጥኖቹን አደቀቀ? በቁጣ እንዳትሉ፤ የመታው መዝገብ የሚቀመጥበትን ብቻ ነው። መዝገብ ሊያጠፋ ፈልጓል። ነገር ግን ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። መዝገቡ ከዚህ ቄራ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ተከራይተነዋል በምትሉት በሩቅ አገር ማሽን ላይ ነው ያለው። ያሻገረው ሽቦ ነው። ሽቦ ባዶ መሆኑን ያወቀውን ሣጥን ምን ብሎ ይፈልጣል?»

የአራጆቹ አለቃ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ስለዚህ ገዳዩ መዝገቡ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ነው። ዶክተሩ ያውቃሉ፤ በየቀኑ ይገቡበታል። ሚዛን ጠባቂዋም እንዲሁ። አንድ ሰው ግን ዛሬ ፊት ለፊቴ ‹የዐሥራ አራት ዓመት መዝገባችን ደቀቀ፤ ያለፈውን ማን ይመሰክራል› አለኝ። ዓመት ሙሉ በየሩብ ሰዓቱ እገባበታለሁ የሚለው ሥርዓት ውስጥ መዝገቡ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ አላየውም። ገብቶበት አያውቅምና።»

«እኔን ነው?» አለ የብርድ ቤቱ አለቃ። «የአፍ ወለምታ ነው፤ ሐዘን ላይ ነኝ! ያስገባሁት ቁጥር እዚያው ተጽፎ የለም?»

«ተጽፏል። ከአራት እስከ አምስት ዐሥራ አምስት የብርድ ልኬት ገብቷል። በዚያው ሰዓት አርባ አንድ የበሬ ክብደትም ገብቷል። መግቢያው አንድ ነው፤ ሁለተኛ ሰው ቢገባ የመጀመሪያው ይወረወራል። ድርጅቱ እንዳረጋገጠልኝ ከሦስት ሰዓት ከሃምሳ እስከ አምስት ተኩል አንድ ሰው ገባ፣ ማንም አልወጣም፣ ማንም አልተወረወረም። ሐዲዱም አልተመታም። ክብደቱ የተጻፈው እዚህ፣ በዚህ ሚዛን ፊት፣ ሥጋ ተሸካሚዎቹ እያዩ ነው። እንግዲያው ብርዱንም የጻፈችው ያችው እጅ ናት።»

ሁሉም ዓይን ወደ ሚዛን ጠባቂዋ ዞረ።

«ከዚህ በኋላ የእኔ ቃል አይበቃም» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። «ወንድምሽ በዚያ ክፍል እየሞተ ነው። እነዚህ ሰዎች ካልሰሙሽ አያሳልፉትም። ዲግሪውን ማን ሰጠሽ? መቼ?»

«ዝም በይ!» አለ የብርድ ቤቱ አለቃ። «ራስሽን ነው የምታስገቢው። የእስር ቤትን በር ታውቂዋለሽ?»

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ላይ ጠራረገች። «በየጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ብጣሽ ወረቀት ይሰጠኛል። የቀኑን ሁሉ። ገና ያልመጣውን ሰዓት ብርድ አስቀድሞ ጽፎ። ‹እኔ የኮምፒዩተር ነገር አይገባኝም፣ አንቺ ቅልጥፍናው አለሽ› ይለኛል። እኔም ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ብርድ ጻፍኩ። ዛሬም ጻፍኩ። ጋሼ ነው የገደለው ብዬ... ይህ ነገር ለማን ይጠቅማል ብዬ...»

ሐኪሙ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ተማሪዎቹ» አሉ በሹክሹክታ። «ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር።»

«ያን ጊዜ በአሮጌው ማሽን ላይ በኋላ ገብቶ የብርዱን ቁጥር ለወጠ» አለች መርማሪዋ። «የሽቦን የየቀን ግልባጭ ግን አላወቀም። ሟቹ መዝገቡ ሲሻገር ሁለቱን አስተያየ፤ የሚስቱን ወንድም ወደ ማሽኑ ክፍል ጠርቶም እውነቱን ነገረው። መጥረቢያው ከበሩ ሦስት እርምጃ ላይ ተሰቅሎ ነበር።»

በሩ ተከፈተ። ሃምሳ አለቃው ፊቱ በብርድ ቀልቶ፣ እንደ ደረቀ ቆዳ የጠጠረ ኮት በሁለት እጁ ታቅፎ ገባ። ደሙ በደረቱ ላይ በረዶ ሆኗል። «ከሰባተኛው በሬ ጎድን ውስጥ» አለ። «የደረት ኪሱ ላይ ስሙ ተጠልፏል።»

የብርድ ቤቱ አለቃ ከሐዲዱ ላይ የሥጋ ሜንጦ ነጠቀ። የሄደው ወደ በሩ አልነበረም፤ ወደ ሚዛን ጠባቂዋ ነበር። «አንቺ ከዳተኛ!» ሲል ሃምሳ አለቃው መሐል ገባ፤ ሜንጦው ክንዱን በስቶ በሌላው ወገን ብቅ አለ። ሽማግሌው ጮኹ። መርማሪዋ ከሚዛኑ ላይ የአምስት ኪሎውን ብረት አንሥታ የሰውየውን የእጅ አንጓ መታችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማው። አምስቱ አራጆች በላዩ ወደቁ። ጫማቸው ፊቱን አገኘው፤ አንደኛው ቢላውን መዘዘ።

«ተዉት!»

አልተዉትም። የአራጆቹ አለቃ የሰውየውን ፀጉር ጨብጦ አንገቱን ወደ ኋላ ቀለበሰ። «ለእኛ ልቀቂው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ገዳዩን ሰጠሽን፤ አከበርንሽ።»

«ከእኩለ ቀን በፊትም ገዳዩን ይዘናል ብላችሁ ነበር» አለች መርማሪዋ። ብረቱ ገና በእጇ ነበር። «ያን ጊዜም እጃችሁ እንዲህ እርግጠኛ ነበር። ያ ሰው ምን አድርጎ ነበር? ጄኔሬተር ቤት ተቀምጦ አልቅሶ ነበር። መንጋጋውን የሰበረው ማን ነው?»

የተንጠለጠሉት በሬዎች በግርግሩ ተነክተው ይወዛወዛሉ፤ ከሃምሳ አለቃው ክንድ ደም በሰድሩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የአራጆቹ አለቃ የያዘውን ፀጉር ቀስ ብሎ ለቀቀ። የገዛ መዳፉን አየ። ከዚያም እንደ ተማሪ እጁን አነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «በመጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው በመጀመሪያ መንገዱን የምታስከፍተውም አንተ ነህ። ከዚያ ከመኪናዬ አጠገብ ጠብቀኝ።»

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ሽቦን በአልጋው ተሸክመው ሲያወጡት ከስድሳው ሰው መካከል ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። እህቱ አምቡላንሱ ሊዘጋ ሲል ደረሰች፤ እጁንም በሁለት እጇ ያዘች።

«ጋሼ፣ አልገደልክም። ሁሉም ዐወቀ። ትድናለህ፣ ሐኪሙ በጊዜ ትደርሳለህ ብለዋል።»

አንዱ ዓይኑ ተከፈተና አያት።

እዚያ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። ከማጽናናት በቀር ማንም ከእሷ የጠበቀው ነገር አልነበረም። እሷ ግን ያን ቀን ከእንግዲህ አንዲት የሐሰት ቃል መጨመር አልሆነላትም። «እኔም አምኜ ነበር» አለችው። «ሲመቱህ ቆሜ ያየሁት ለዚህ ነው። አንተ ነህ ብዬ ነበር፣ ጋሼ።»

ሽቦ ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሣም። እጁን ግን ከእጆቿ መካከል ቀስ አድርጎ ሳበና በደረቱ ላይ አኖረው። ነርሷ በሩን ዘጋችው።

አምቡላንሱ በወደቀው በር አልፎ እስኪሰወር ድረስ ሴትዮዋ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያም ሽርጧን ፈታች፤ አጠፈችው፤ መርማሪዋ ሳትጠራትም ወደ ፖሊስ መኪናው ሄዳ ከአራጆቹ አለቃ ጎን ተቀመጠች።